ባቡር አለን፤ የባቡር ሽርሽር ግን የለንም

አዲስ አበባ የቱሪስት ከተማ ትሁን የሚለውን ሐሳብ እኔም እደግፋለሁ። አንድነት ፓርክ ተከፈተ፣ እንጦጦ ፓርክ ሆነ፣ ፒያሳ ላይ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ቆመ፣ የእግረኛ መንገድ ሰፋ፣ መብራት በራ። ደግ ነው። አንድ የሚከነክነኝ ነገር ግን አለ፤ ዛሬ ረዘም አድርጌ ልጽፈው ነው። ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡልኝ።

ይህች ከተማ ሁለት ባቡር አላት። አንዱ በመሃሏ ይሄዳል፤ ሌላው ከደቡብ ጫፏ ተነስቶ ባሕር ድረስ ይወርዳል። ሁለቱም በኤሌክትሪክ የሚሄዱ፣ ሁለቱም በብድር የተሠሩ ናቸው። እንዲህም ሆኖ ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹን አሰልፎ "ዛሬ በባቡር ቢሾፍቱ ሄደን ሐይቅ አይተን ማታ እንመለሳለን" የሚል የሰፈራችሁ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አላጋጠመኝም። ቢሾፍቱ የሚሄድ ሰው መኪና ያለው ነው፤ ወይም መኪና ያለው ዘመድ ያለው ነው። የቀረነው ቃሊቲ መናኸሪያ ወርደን ሚኒባስ እንጋፋለን፤ ወይም እቤታችን ቁጭ ብለን የሰውን ፎቶ ላይክ እናደርጋለን።

ሐሳቤን ባጭሩ ላስቀምጠው፤ ዝርዝሩን ከታች ታገኙታላችሁ። ሐዲዱ ተነጥፏል፣ ባቡሩ ተገዝቷል፣ ውዱ ነገር አልቋል። የጎደለው ርካሹ ነገር ነው፦ ቁርጥ ያለ የቅዳሜና የእሁድ ደርሶ መልስ ሰዓት፣ ከሰፈር ወደ ጣቢያ የሚያደርስ አውቶብስ፣ እና ጣቢያውን የሰው ቦታ የማድረግ ፍላጎት።

ከራሳችን ሰፈር ልጀምር። የምሥራቅ ምዕራቡ ቀላል ባቡር ከአያት ተነስቶ ጦር ኃይሎች ላይ ያበቃል። ለእኛ ለኮልፌ ቀራንዮ ሰዎች እንግዲህ ባቡሩ በራችን ድረስ መጥቶ ሳያንኳኳ የቆመ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው በታክሲ ነው። ባቡር ወርደህ "አየር ጤና! አየር ጤና! ዓለም ባንክ! ቤቴል!" የሚለውን ረዳት ትፈልጋለህ። አጠና ተራ የምትኖረውም፣ 18 ማዞሪያ የምትኖረውም፣ ቀራንዮ የምትኖረውም ለባቡሩ የምታስበው ስለ ሁለተኛው ትራንስፖርት አስበህ ስትጨርስ ነው።

ይህ ባቡር ሥራ ሲጀምር የነበረውን ደስታ የማስታውስ ሰው ነኝ። የሰሜን ደቡቡ መስመር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ተጀመረ፤ የእኛው ደግሞ ሁለት ወር ሳይሞላ ተከተለ። ሁለቱ መስመሮች በድምሩ 34 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ 39 ጣቢያ፣ 41 ባቡር። ወጪው 475 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን አብዛኛው ከቻይና ኤግዚም ባንክ የተገኘ ብድር ነው። ያኔ ቲኬቱ እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሰው የሚሳፈረው የሚሄድበት ኖሮት አልነበረም፤ ለማየት ነበር። እናቶች ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ልጆች መስኮት ላይ ተለጥፈው፣ አያት ደርሰው ሳይወርዱ ይመለሱ ነበር። እትዬ ጎረቤታችን ሦስት ጊዜ ተመላልሰው ሲያበቁ "ከተማችን እንዲህ ትልቅ ነበረች እንዴ!" አሉኝ። በዚህች ከተማ 40 ዓመት የኖሩ ሴት ናቸው።

ያ ሽርሽር ነበር። ማንም አላቀደውም፣ ማንም በጀት አልያዘለትም። ሕዝቡ ራሱ ፈጠረው። ከዚያ ምን ሆነ? መለዋወጫ ጠፋ፣ የውጭ ምንዛሪ አጠረ፣ መብራት ሲጠፋ ባቡሩም ቆመ፤ ከ41ዱ ብዙዎቹ ዴፖ ውስጥ ቀሩ። የሚሠሩት ጥቂቶቹ ደግሞ ሰው ላይ ሰው ተጭኖባቸው ስለሚሄዱ መስኮቱን ተዉት፣ ጣሪያውን ማየትም ያስቸግራል። ማንም ለመዝናናት አይሳፈርም። ችግሩ የሁሉም ሰው የየዕለት ችግር ስለሆነ ብዙ አላወራበትም፤ መፍትሔውም መለዋወጫው መግባቱ ነው፣ ሌላ ዘዴ የለውም።

አንድ የድሮ ተማሪዬ አሁን አስጎብኚ ሆኗል። ባለፈው ተገናኝተን ሲያጫውተኝ "ቲቸር፣ ፈረንጆቹ ሙዚየሙን ካዩ በኋላ ምን እንደሚጠይቁኝ ታውቃለህ? 'ያ ባቡር የት ይሄዳል?' ይሉኛል። እሁድ ጠዋት ሰው ሳይበዛ ከስታዲየም እስከ ጦር ኃይሎች አሳፍሬ እመልሳቸዋለሁ። ከሙዚየሙ ይልቅ እሱን ነው የሚወዱት" አለኝ። ለምን መሰላችሁ? ባቡር ከተማን እንደ ፊልም ያሳያል። ከልደታ ጀምሮ ከፍ ባለው ድልድይ ላይ ስትሄድ ተግባረ እድን አልፈህ፣ ሜክሲኮን አይተህ፣ ለገሃር ስትደርስ የድሮው ምድር ባቡር ጣቢያና የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ብቅ ይሉልሃል። ቀጥሎ ስታዲየም፣ እስጢፋኖስ፣ ኡራኤል፣ ሃያ ሁለት፣ መገናኛ። የከተማዋን ሀብታምም ድሃም፣ አሮጌም አዲስም ሳትመርጥ ታያለህ። በኮሪደሩ ላይ በመኪና የሚዞር ጎብኚ ይህን አያገኝም።

ይኸው ልጅ ግን ሌላም ነገረኝ። አንድ ጣቢያ ላይ (የትኛው እንደሆነ ይቅር) እንግዳው ስልኩን አውጥቶ ባቡሩን ሊያነሳ ሲል "ክልክል ነው!" ተባለ። ለምን ክልክል እንደሆነ የጠየቀ የለም፤ የመለሰም የለም። እንግዳው ስልኩን ኪሱ ከተተ። ከተማዋን በነጻ የሚያስተዋውቅልህን ሰው "አታስተዋውቅ" ማለት እኮ ነው!

አሁን ወደ ትልቁ ባቡር ልሂድ። እዚህ ላይ የጂኦግራፊ መምህርነቴ ስለሚነሳብኝ ታገሡኝ።

የድሮው ምድር ባቡር ምን እንደነበር ወጣቶቹ ተማሪዎቼ አታውቁትም። አፄ ምኒልክ ለስዊሱ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895፣ አዲስ አበባ የገባው በ1909። ወደ 784 ኪሎ ሜትር። ለገሃር የምንለው ስም ራሱ ከፈረንሳይኛው "ላ ጋር" (ጣቢያው ማለት ነው) የመጣ ነው። አፄ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 1928 ጣሊያን ሲቃረብ ከአገር የወጡት በዚሁ ሐዲድ ነው። የአገሪቱ ታሪክ ግማሹ በዚያ ጣቢያ በር ገብቶ ወጥቷል ብል ብዙ አላጋነንኩም።

ከታሪኩ ይልቅ ግን እኔን የሚገርመኝ ሐዲዱ በካርታው ላይ የሠራው ሥራ ነው። ባቡሩ ወደ ሐረር ተራራ ሳይወጣ ከታች ሜዳው ላይ ስለቀረ ድሬዳዋ የምትባል ከተማ ተወለደች። አዳማ በጣቢያው ዙሪያ አደገች። ሞጆ፣ መተሐራ፣ አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ ሚኤሶ ሁሉም የባቡር ልጆች ናቸው። ጣቢያው መሃል ነበር። ባቡሩ ሲቆም ከተማው ይነቃል፤ እንቁላል ቀቅላ የምትሸጥ፣ ብርቱካን በሰሐን ደርድራ የምትሮጥ፣ ቆሎ፣ እርጎ፣ ሻይ። አዋሽ ጣቢያ አጠገብ ያለውን ቡፌ ዳዋሽ የሚባለውን ሆቴል ዛሬም ድረስ ሰው የሚያነሳው ተጓዥ ወርዶ ምሳ ይበላበት ስለነበር ነው። የቁልቢ ተጓዥ በታኅሣሥና በሐምሌ ፉርጎውን ሞልቶ ድሬዳዋ ይወርዳል፤ ከዚያ በመኪና ይወጣል። በጣሊያን ጊዜ የመጣችው ሊቶሪና የምትባል ባለ ሞተር ፉርጎ ደግሞ የፈጣኖች መመኪያ ነበረች። ይህ ሁሉ ቀስ በቀስ ተዳከመ፤ ወደ አዲስ አበባ የሚገባው ባቡርም በ2000 ዓ.ም. ገደማ ቆመ።

አዲሱ የኢትዮ ጅቡቲ ባቡር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ መደበኛ ሥራውን በታኅሣሥ 2010 ጀመረ። ወደ 750 ኪሎ ሜትር፣ ከሰበታ እስከ ጅቡቲ፣ ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ። ቴክኒኩ ከድሮው ጋር አይወዳደርም፤ እጅግ የተሻለ ነው። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። የድሮው ሐዲድ ከተሞችን ሠራ፤ አዲሱ ከተሞችን ሸሸ። የአዳማ ጣቢያ ከአዳማ መሃል ርቋል፣ የቢሾፍቱውም እንደዚያው፣ የድሬዳዋውም ከከተማው ውጭ ነው። የአዲስ አበባው ፉሪ ለቡ ነው። ምክንያቱን እረዳለሁ፤ መሬት ውድ ነው፣ ቤት ማፍረስ ከባድ ነው፣ ፈጣን ባቡር ቀጥ ያለ መስመር ይፈልጋል። ነገር ግን ከከተማ የወጣ ጣቢያ ከከተማው ጋር የሚያገናኘው ነገር ካልተዘጋጀለት ለመንገደኛው በሩቅ የሚታይ ትልቅ ሕንፃ ብቻ ነው።

እኛ ጋ ያለውን ብቻ እዩት። ቀላል ባቡሩ በደቡብ ቃሊቲ ላይ፣ በምዕራብ ጦር ኃይሎች ላይ ያበቃል። ትልቁ ባቡር ለቡ ላይ ይጀምራል። ሁለቱ አይገናኙም። ሻንጣ ይዞ ከቀላሉ ባቡር ወርዶ ትልቁን የሚሳፈርበት አንድም ቦታ የለም። የሚገርመው ደግሞ እኛ የኮልፌ ሰዎች ለለቡ ሩቅ አይደለንም። ከአየር ጤና በጀሞ በኩል ብትሄድ መንገዱ ቀጥ ያለ ነው። ሰበታም ቢሆን በጅማ መንገድ ጎረቤታችን ነው። ከአያት ሰው ይልቅ እኛ ለዚህ ባቡር እንቀርባለን። ግን "ለቡ ባቡር ጣቢያ!" እያለ የሚጠራ ረዳት አየር ጤና ላይ ሰምቼ አላውቅም።

ጎረቤቶቻችን ይህን ችግር እንዴት እንደፈቱት ላንሳ። ኬንያ የናይሮቢ ሞምባሳውን አዲስ ባቡር እ.ኤ.አ. በ2017 ስትጀምር የናይሮቢው ጣቢያ ልክ እንደ እኛው ከመሃል ከተማ ውጭ ሲዮኪማው አካባቢ ሆነባት። ምን አደረጉ? በእንግሊዝ ዘመን በተሠራው አሮጌ ሐዲድ ላይ ከመሃል ከተማው ጣቢያ የሚነሳ አገናኝ ባቡር አቀረቡ፤ ሰዓቱም ከትልቁ ባቡር ጋር የተቀናጀ ነው። በዚያ ባቡር የሚሄድ ሰው ፃቮ ፓርክን ሲያቋርጥ ዝሆን ካየ ትልቅ ወሬ ነው፤ ጉዞው ራሱ ጉብኝት ሆነ።

ኤርትራ ደግሞ ሌላ ትምህርት ናት። ከምጽዋ አስመራ ያለው 118 ኪሎ ሜትር ሐዲድ በጦርነቱ ዘመን ተነቅሎ ነበር። ከነጻነት በኋላ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኞች ተጠርተው፣ ሽማግሌዎች ወጣቶቹን እያስተማሩ፣ የድሮውን የእንፋሎት ባቡርና ሊቶሪና ጠግነው መልሰው ዘረጉት። የባቡር ፍቅር ያለው አውሮፓዊ ከባሕር ወለል ተነስቶ ከ2,300 ሜትር በላይ የሚወጣውን ያን ጉዞ ብሎ ባሕር አቋርጦ መጣ። ሀብታም አገር ስለሆኑ አይደለም። አሮጌ ብረታቸውን እንደ ቅርስ ስላዩት ነው። እኛ ድሬዳዋ ላይ ያ ጥንታዊ የባቡር ጋራዥ ከነማሽኑ፣ ከነባለሙያው ትዝታ አለን። ለገሃርም ሕንፃው አለ። ያለን ነገር ከእነሱ አያንስም።

እስቲ አሁን የምመኘውን ጉዞ በመስኮት በኩል ላሳያችሁ። ከለቡ ጠዋት 2 ሰዓት ተነስተሃል። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በብዙ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነህ፤ ባሕር ዛፍ፣ ጭጋግ፣ ፋብሪካ። ትንሽ ሄደህ የአቃቂ ሜዳ፤ ወቅቱ መስከረም ከሆነ ጤፉ አረንጓዴ፣ አደዩ ቢጫ። በግራህ የረር ተራራ፣ ወደፊት በቀኝህ ዝቋላ። ቢሾፍቱ፦ ሆራ፣ ባቦጋያ፣ ቢሾፍቱ፤ እሳተ ገሞራ ቆፍሮ ውሃ የሞላባቸው ጉድጓዶች ናቸው። ከሞጆ በኋላ ስምጥ ሸለቆው አፉን ይከፍታል፤ አየሩ ይሞቃል፣ ግራር ይበዛል፣ አፈሩ ቀለሙን ይቀይራል። አዳማ ስትደርስ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ወርደሃል። እኔ ለ8ኛ ክፍል ስለ አየር ንብረትና ከፍታ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጠመኔ እየበተንኩ ያስተማርኩትን ሁሉ አንድ መስኮት በ100 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ያስተምራል። ተማሪዎቼ ደጋና ቆላን በቃል ሸምድደው ፈተና አለፉ። ስንቶቹ በዓይናቸው አዩት? ትምህርት ቤት ሽርሽር ለማዘጋጀት ስንሞክር አውቶብስ ኪራዩ እየተወደደ፣ ወላጅ እየከበደው፣ ግማሹ ክፍል ይቀር ነበር። የሚቀሩት ደግሞ ሁሌም እነዚያው ልጆች ናቸው። ለእኔ ዋናው ጉዳይ ይሄ ነው፤ የፈረንጁ ዶላር ከዚያ በኋላ ይመጣል።

እሺ፣ ምን ይደረግ? ትልቅ ፕሮጀክት አልጠይቅም። አምስት ነገር ብቻ።

1ኛ፦ ቅዳሜና እሁድ የታወቀ የደርሶ መልስ ባቡር ይኑር። ከለቡ ጠዋት 2 ሰዓት፣ ቢሾፍቱ፣ ሞጆ፣ አዳማ፤ ማታ 11 ሰዓት መመለስ። የረጅም መንገዱ ባቡር የድሬዳዋና የጅቡቲ መንገደኛን አስቦ የተሰላ ነው፤ ለአንድ ቀን ተዝናኚ አይሆንም። ለበዓል ወይም ለቡድን የሚዘጋጅ ልዩ ጉዞም አይበቃም። ሰው የሚለምደው ዓመቱን ሙሉ የማይቀየር ሰዓት ሲያገኝ ነው። ባዶ ቢሄድ እንኳ ስድስት ወር ይታገሡት፤ ልማድ ጊዜ ይፈልጋል።

2ኛ፦ አገናኝ አውቶብስ። ከጦር ኃይሎች ተነስቶ በአየር ጤና፣ በጀሞ አድርጎ ለቡ የሚገባ፤ ሌላ ደግሞ ከቃሊቲ። ሰዓቱ ከባቡሩ ጋር ይቀናጅ፣ ክፍያው ከባቡር ቲኬቱ ጋር አንድ ላይ ይቆረጥ። በዚያኛው ጫፍም ቢሾፍቱ ጣቢያ ላይ ወደ ሐይቆቹ፣ አዳማ ላይ ወደ ከተማውና ወደ ሶደሬ ፍል ውሃ የሚወስድ ሚኒባስና ባጃጅ ተሰልፎ ይጠብቅ። ባጃጅ ነጂዎቹን ማንም ማሳመን አያስፈልገውም፤ ባቡሩ በሰዓቱ መምጣቱን ካረጋገጡ ራሳቸው ቀድመው ይገኛሉ።

3ኛ፦ ጣቢያው ይሸጥበት። የእነዚያ የእንቁላልና የብርቱካን ሴቶች ልጆችና የልጅ ልጆች ዛሬም አሉ። አዲሶቹ ጣቢያዎች ንጹሕና ሰፊ ናቸው፤ ነገር ግን ባዶ ናቸው። ለአካባቢው እናቶች በፈቃድ፣ በንጽሕና፣ በተራ የሚሠሩበት ቦታ ቢሰጥ ጣቢያው ሕይወት ይዘራል። ከቱሪዝም የሚገኘው ገንዘብ ወደ ድሃው ኪስ በቀጥታ የሚገባበት ከዚህ አጭር መንገድ አላውቅም።

4ኛ፦ ለገሃር። የድሮው ጣቢያ ሕንፃ ለሰፈር ልጅም ለእንግዳም የሚከፈት የባቡር ሙዚየም ይሁን፤ አንድ ሎኮሞቲቭ፣ አንድ ፉርጎ፣ የትኬት መቁረጫ መስኮቱ፣ የሠራተኞቹ ፎቶና ድምፅ። የቀድሞ ባቡረኞች ብዙዎቹ አርጅተዋል፤ ዛሬ ያልተጠየቀ ሰው ነገ ላይገኝ ይችላል። ቀላል ባቡሩ ደግሞ በሩ ላይ ጣቢያ አለው። ጎብኚ በባቡር መጥቶ የባቡርን ታሪክ ይይ። ደግሞም እባካችሁ ፎቶ ይፈቀድ!

5ኛ፦ ለተማሪ ቅናሽ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ሰው በማይበዛበት ቀን፣ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በተራ አንድ ፉርጎ ይሰጣቸው። ቀራንዮ ያለች ልጅ ሆራን ሳታይ 12ኛ ክፍል አትጨርስ።

አውቃለሁ፣ ከታች የሚጻፈውን አስተያየት ከአሁኑ እየሰማሁት ነው። "ጋሼ፣ ሕዝቡ ዘይትና ሽንኩርት ተወዶበት እርስዎ ስለ ሽርሽር ይጽፋሉ?" አዎ እጽፋለሁ። ሽንኩርት የተወደደበት ሰው እኮ ነው መዝናኛው የሚቀድመው የሚቀርበት። ሀብታሙ ባቡር ቢኖርም ባይኖርም ቢሾፍቱ ሪዞርት ውስጥ ነው። በሳምንት ስድስት ቀን ታክሲ ሰልፍ ላይ የሚቆም አባት በዓመት ሁለት ጊዜ ልጆቹን ይዞ ከተማ መውጣት ቅንጦት አይደለም። ያ ቤተሰብ እንዳይሰነጠቅ የሚያደርግ ነገር ነው።

ሁለተኛው አስተያየት ጠንከር ያለ ነው፦ "የባቡሩ ዋና ሥራ ጭነት ነው፤ ብድሩን የሚከፍለው ጭነቱ ነው።" ትክክል ነው፣ አልከራከርም። ኮንቴነሩና ማዳበሪያው ይቅደም። ነገር ግን ከሰበታ እስከ አዳማ ሐዲዱ ድርብ ነው። አንዱ ሲመጣ ሌላው መቆም የለበትም። የእኔ ልመና እዚያው ድርቡ ላይ ያለቀ ነው፤ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ።

ሦስተኛው ጸጥታ ነው። ይህም የሚናቅ አይደለም፤ ሰው ዘና ለማለት ሲወጣ ስጋት ይዞ መሄድ የለበትም። ለዚህ ነው አዋሽ ፓርክንና ድሬዳዋን ለጊዜው ትቼ ከአዳማ ያላለፍኩት። አጭሩን መንገድ በደንብ ያሳየ ረጅሙን ይደርስበታል። አንድ ቀን ደግሞ ከአዋሽ በኮምቦልቻ ሐራ ገበያ የተጀመረው ሐዲድ መንገደኛ ይዞ ወደ ወልድያ ጎን ሲደርስ፣ ላሊበላ የሚሄድ ምእመን ከአዲስ አበባ በባቡር ይነሳ ይሆናል። እኔ ባልደርስበት እናንተ ትደርሱበታላችሁ።

አንድ ነገር ጨምሬ ላብቃ። "ቱሪስት" ስንል ሁሌም ነጭ ሰው ካሜራ አንጠልጥሎ ይታየናል። በዚህ ከተማ ውስጥ ግን እንጦጦን ያላዩ፣ ለገሃር ያለው አንበሳ ለምን እንደቆመ የማያውቁ፣ ሐይቅ የሚባል ነገር በቴሌቪዥን ብቻ ያዩ በመቶ ሺሕ የሚቆጠሩ ልጆች አሉ። የመጀመሪያዎቹ ቱሪስቶች እነሱ ይሁኑ። አገሩን ያየ ልጅ ነገ እንግዳ ሲመጣ የሚያስጎበኘው አያጣም። የራሷ ሰው ያልጎበኛት ከተማ ለሌላው ምን ብላ ትጋብዛለች?

በምድር ባቡር ወይም በባቡር ትራንስፖርት ዙሪያ የምትሠሩ የድሮ ተማሪዎቼ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ይህን ጽሑፍ ለሚመለከተው አድርሱልኝ፤ የማይቻል ከሆነም ለምን እንደማይቻል ጻፉልኝ፣ በደስታ አነባለሁ። ሌሎቻችሁ ደግሞ ከታች ሁለት ነገር ብቻ መልሱልኝ፦ በባቡር መጨረሻ የተጓዛችሁት መቼ ነው? የቅዳሜ ባቡር ቢጀመር የመጀመሪያውን ቲኬት ለማን ትቆርጡለታላችሁ? እኔ የእኔን ወስኛለሁ፤ ለእትዬ ጎረቤቴ ነው። ቀላል ባቡሩን ሦስቴ ተመላልሰው ያልጠገቡ ሴት ትልቁን ሳይሳፈሩ አይቀሩም።

ሰላም እደሩ።